እመት ፈንታነሽና ስድስተኛዋ ጳጉሜ

አጥቢያ ቄስ ሊያጣ ይችላል፤ ደወልም ጣራም ሊያጣ ይችላል። አስታዋሽ ግን አያጣም። ሞቅ ብሏችሁ፣ ወይም አዝናችሁ፣ ወይም ሰው ፊት ደግ ለመምሰል ብላችሁ ያወጣችኋትን አንዲት ቃል ዓመት ሙሉ እንደ ዘር እህል ጠብቆ፣ እናንተ ከረሳችኋት በኋላ ደጃፋችሁ ድረስ ይዞላችሁ የሚመጣ አንድ ሰው በየአገሩ አለ። ሰዉ እሱን ሲያይ አጥር ይዘላል።

ከደብረ ታቦር ቁልቁል ባለችው በወይራ አምባ ሚካኤል አጥቢያ ይህን ከባድ ሹመት የያዙት እመት ፈንታነሽ ነበሩ። የሾማቸው ማንም የለም። ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን የአጥቢያው ጸሐፌ ትእዛዝ እሳቸው ነበሩ፣ ብራናቸውም ጭንቅላታቸው ነበር።

የአገሩ ልማድ እንዲህ ነው። በዘመን መለወጫ፣ በቅዱስ ዮሐንስ ዋዜማ፣ ልጃገረዶች እንግጫ ሣር ነቅለው ይጎነጉኑና በማግስቱ በየቤቱ ምሰሶ ላይ ያስራሉ። አባወራው እጁን ምሰሶው ላይ ያሳርፍና በአዲሱ ዓመት የሚያደርገውን ይናገራል። አንዱ አጥሬን አጥራለሁ ይላል። አንዱ ከአማቴ ጋር እታረቃለሁ ይላል። ጉልበቱን የሚያመው ዋንዛዬ ወርጄ ፍል ውሃ እታጠባለሁ ይላል። ከዚያ ጠላው ይቀዳል፣ ነገሩም ይረሳል። እመት ፈንታነሽ ግን እየዞሩ ይሰማሉ፤ ያልሰሙትንም ከሴቶቹ ያጠያይቃሉ። በዓመቱ፣ አዲሱ እንግጫ ሳይታሰር፣ ማለዳ ከች ይሉና አሮጌውን የደረቀ እንግጫ በምርኩዛቸው እየጠቆሙ፣ «እንኳን አደረሰህ። ያች ነገርስ?» ይላሉ።

ሌላ ቃል አይጨምሩም። አይቆጡም፣ አይገሥጹም። ይህንኑ ብለው መደቡ ላይ ይቀመጣሉ፤ መልስ እስኪያገኙም እህል ውሃ አይቀምሱም። በበዓል ቀን ምንም ሳይቀምስ የተቀመጠ እንግዳ ምን ያህል እንደሚከብድ የቤት እመቤት ታውቀዋለች።

ጠላ እተዋለሁ ያለውን ጌጡን በዓመቱ ዋንጫውን እንደ ጨበጠ ደረሱበት። «እመት፣ እኔ እኮ እተዋለሁ ያልኩት የሰው ቤቱን ነው። ይሄ የራሴ ጠላ ነው» አላቸው። እመት ፈንታነሽ ጥቂት አሰቡና፣ «መልካም። እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ሰው ቤት ስትጠጣ እንዳላይህ» አሉት። ጌጡ ያን ዓመት ሠርግ በተጠራ ቁጥር ውሃ ሲጠጣ ከረመ።

ከአማቱ ጋር እታረቃለሁ ያለው ደሳለኝ ደግሞ ሲመጡ አየና ጎተራ ውስጥ ገባ። እመት ፈንታነሽ ከጎተራው አጠገብ ተቀመጡ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ አማቱ ደግነት ለጎተራው ሲያወሩለት አረፈዱ። ቀትር ላይ ጎተራው አስነጠሰ። «ይማርህ» አሉት። ደሳለኝ አመሻሹን ከአማቱ እግር ላይ ወደቀ።

ቄስ ሙላቴ እንኳ አልተረፉም። ቅዳሴ መካከል አላንቀላፋም ብለው ነበርና፣ ዓይናቸው ከደን ባለ ቁጥር ከሴቶቹ መቆሚያ በኩል አንድ ምርኩዝ ወለሉን ኳ ያደርግ ነበር።

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የምትለውን ተረት በዚያ ዘመን ከአፋቸው አይለዩም ነበር። አንድ ልጃቸው ማሩም አጠገባቸው ቆሞ፣ «እማየ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?» እያለ ይስቅ ነበር።

ማሩ በሺ ዘጠኝ መቶ ሃያ ስምንት ዓመተ ምሕረት ከዘማቹ ጋር ወደ ሰሜን ዘመተ። የተረፉት ተመለሱ፤ የሞቱትም መርዷቸው መጣ። ማሩን ሲሞት አየሁት የሚል ጠፋ፤ በሕይወት አየሁት የሚልም ጠፋ። እመት ፈንታነሽ ተዝካር አላወጡም፣ ማቅ አልለበሱም። ለጠየቃቸው ሁሉ «ይመጣል» ነበር መልሳቸው። ያችን ተረት ግን ከዚያ ወዲህ ከአፋቸው የሰማ የለም።

ጣልያን ደብረ ታቦር ገባና ምሽጉን ሠራ። በመጀመሪያው ዘመን መለወጫ የጣልያኑ ሹም ባላገሩን ሰብስቦ በአስተርጓሚ፣ «እህላችሁን አንነካም» አለ። በዓመቱ፣ እህሉ ከተነካ በኋላ፣ እመት ፈንታነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ከተማ ወጡ። አስተርጓሚውን፣ «እንኳን አደረሰዎ በልልኝ። ያች ነገርስ? በልልኝ» አሉት። አስተርጓሚው የመጀመሪያውን ብቻ አስተረጎመ። ሹሙ ደስ ብሎት አመሰገነ። እሳቸውም መልስ ይጠብቁ ጀመር፣ በሩ ላይ ሦስት ቀን ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን በአለንጋ ገርፈው አባረሯቸው። ወይራ አምባ ሲመለሱ ምን አሉዎት ላላቸው ሁሉ፣ «ረስቶት ነው» አሉ።

አገሩ በዚህ ሳቀ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። በየዓመቱ ምሰሶ ይዞ ቃል የሚገባው ሰው እያነሰ ሄደ፤ አንዱ ዱር ገባ፣ አንዱ ተገደለ፣ አንዱ ከነቤቱ ተቃጠለ። ያ ጎተራ ውስጥ የተደበቀው ደሳለኝ የቤቴን ክዳን እቀይራለሁ ብሎ ሳይቀይር በጥይት ሞተ። እመት ፈንታነሽ በዓመቱ ሚስቱ ቤት ሄዱ፤ ምንም አልጠየቋትም። ጣራውን ብቻ አንጋጠው አዩት። በማግስቱ ሣር ተሸክመው መጡና መሰላል ላይ ወጡ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ ቤት ሲከድኑ ያየው ጎረቤት አፍሮ ሊያግዝ እስኪደርስ ድረስ፣ ከመሰላሉ ወድቀው ነበር። ግራ እግራቸው ከዚያ በኋላ አልቀና አለ።

የዚያው አጥቢያ ገበሬ አድማሱ ይህን ሁሉ ያውቃል። በሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ጳጉሜ ውስጥ እህል አልወርድ ያለውም ስለሚያውቅ ነው።

የአድማሱ ታናሽ ወንድም እሸቴ አርበኛ ነበር። ከወይራ አምባ የሦስት ሰዓት መንገድ ርቆ ካለው የጣልያን የመኪና ድልድይ አጠገብ፣ በሠላሳ ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ውስጥ ተመትቶ ወደቀ። ጓደኞቹ ለመቅበር ጊዜ ስላልነበራቸው ድንጋይ ከምረውበት ሸሹ። ፍትሐት የለ፣ አፈር የለ። የሽፍታ ሬሳ ያነሳ ይሰቀላል፣ የሽፍታ ለቅሶ የተሰማበት ቤት ይቃጠላል ተብሎ ተለፈፈ። አድማሱ ለጣልያን ገብቶ በበሬው የሚያርስ ሰው ነበር። እሱና ሚስቱ ዘነበች በራቸውን ዘግተው፣ ድምፅ ሳያወጡ፣ እርስ በርስ እየተያዩ ተቀመጡ። ለቅሷቸው ያ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ዮሐንስ ሆነ። አድማሱ ምሰሶውን ያዘና፣ «ዘንድሮ ወንድሜን አምጥቼ ከአባቱ አጠገብ አሳርፈዋለሁ» አለ። እመት ፈንታነሽ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

ዓመቱን ሙሉ ሦስት ጊዜ ተነሣ። አንድ ጊዜ ከወንዙ ተመለሰ። አንድ ጊዜ የድልድዩ ጠባቂዎች እሳት ሲሞቁ ከሩቅ አይቶ ተመለሰ። በሦስተኛው ከገዛ አጥሩ አላለፈም። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ አድማሱ የሚተርፍላት እናት እንኳ አልነበረችውም። ነሐሴ ላይ ደግሞ አንድ ወሬ መጣ። ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመስቀል በኋላ፣ መንገዱ ሊሰፋ ነው፤ በድልድዩ ዙሪያ ያለው ድንጋይ ሁሉ ተለቅሞ ለጠጠር ይፈለጣል ተባለ። ከእንግዲህ እሸቴ ወይ አሁን ይነሣል፣ ወይ መኪና ሲሄድበት ይኖራል።

ጳጉሜ ገባ። በደኅናው ዘመን የዘመኑን ቁጥር የሚያውጁት መሪጌታ ዘውገ ነበሩ። እሳቸውን ግን ጣልያን ከወሰዳቸው ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ መጽሐፎቻቸውም ከቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ጋር ተቃጥለዋል። ሕዝቡ አንድ ክረምት ሙሉ በዋሻ ስለከረመ ዘመኑ የትኛው ወንጌላዊ እንደሆነ ተምታቶበታል። ቄስ ሙላቴ በጣታቸው ቆጠሩ፣ እንደገና ቆጠሩ፣ «ማርቆስ ነው» አሉ። በማርቆስ ጳጉሜ አምስት ቀን ናት። ስለዚህ በአምስተኛው ቀን ልጃገረዶቹ እንግጫ ነቀሉ፣ በማግስቱም ወይራ አምባ አዲሱን ዓመት ተቀበለች።

እመት ፈንታነሽ ፀሐይ ሳትወጣ አድማሱ ቤት ደረሱ። ዘነበች መደቡን ጠርጋ እንዲቀመጡ ለመነቻቸው።

«ቆሜ ይበቃኛል» አሉ። ምርኩዛቸውን ወደ ደረቀው እንግጫ ቀና አደረጉ። «እንዴት አደርክ አድማሱ። ያች ነገርስ?»

አድማሱ ለዚህች ቀን ብዙ ምክንያት አዘጋጅቶ ነበር። እርሻው አለ፣ አረሙ አለ፣ የበሬው ሕመም አለ። አፉን ሲከፍት አንዱም አልወጣ አለው።

«ፈራሁ፣ እመት» አለ። «ሌላ ምንም የለው። ፈራሁ። ዓመቱም አለቀ፣ ቃሌንም አጠፍኩ።»

«ማን አለቀ አለህ?»

«ምኑን?»

«ዓመቱን።»

አድማሱ ሚስቱን አየ። ዘነበች በእጇ የያዘችውን አዲስ እንግጫ አሳየቻቸው።

«ማሩ የወጣው በዘመነ ዮሐንስ ነው» አሉ እመት ፈንታነሽ። «ማቴዎስ ሄደ፣ ማርቆስ ሄደ፣ ይኸው ሉቃስ ሊወጣ ነው። እሱን ስጠብቅ አንድ ቀን አልሳትኩም። ሉቃስ ሲወጣ ደግሞ ጳጉሜ ስድስት ናት። ዛሬ ስድስተኛዋ ናት፤ ዮሐንስ ነገ ነው።»

«ታዲያ አገር ሲሳሳት ምነው ዝም አሉ?» አለች ዘነበች።

«ቀኑ ሰኞ ነው፤ ሥጋ ቢበላ ጾም አይፈርስም። የድልድዩ ጠባቂዎች ደግሞ የዚሁ አገር ልጆች ናቸው፤ ቄስ ሙላቴ ዮሐንስ ነው ካሉ ለእነሱም ዮሐንስ ነው። አለቃቸውን ሹምባሽ ደምሴን ከነሰዎቹ እቤቴ ጠርቻቸዋለሁ። በጌን አርጃለሁ፣ ጠላውም ብዙ ነው።» ወደ አድማሱ ዞሩ። «ይችን ቀን ማንም አልቆጠራትም። ያንተ ናት። ተነሥ እንግዲህ፣ ልጀ።»

ዘነበች ለበዓል የተሸመነውን ነጭ ኩታ ከአቁማዳ ጋር አምጥታ እጁ ላይ አኖረችለት።

መንገዱ ሁሉ በአደይ ተሸፍኖ ነበር። አድማሱ አላየውም። ድልድዩ ጋ ሲደርስ የጠባቂዎቹ ጎጆ ክፍት ነው፣ እሳቱም ጠፍቷል። ክምሩን ገና ከሩቅ አወቀው። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አነሣ፤ ሲያስቀምጣቸውም ድምፅ እንዳያሰሙ እንደ እንቁላል በቀስታ ነበር። እሸቴን ያወቀው በጥርሱ ነው። ከፊት ጥርሶቹ አንዱ ሸራፋ ነበር፤ ልጅ ሳሉ ወፍ ሲጠብቁ አድማሱ ራሱ በወንጭፍ ስቶ የመታው።

«ይቅር በለኝ» አለው። ስለ ጥርሱ ይሁን ስለ ዓመቱ እሱም አልለየውም።

አጥንቱን በኩታው ላይ ሰበሰበ። የጣቶቹን ትናንሽ አጥንቶች ለማግኘት ጭቃውን በእጁ እያበጠረ ቆየ፤ ፍርሃቱ የት እንደሄደ አላወቀም፣ አልፈለገውምም። አቁማዳውን ሲያነሣው ቀለለው። ያ ሁሉ ቁመት፣ ያ ሁሉ ሳቅ፣ ከአንድ ቁና ገብስ አልከበደም። ያን ጊዜ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወይራ አምባ ደረሰ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው መንገድ በእመት ፈንታነሽ ደጅ ያልፋል። ሹምባሽ ደምሴ በሩ ላይ ቆሞ ነፋስ ይቀበል ነበር፤ ሰክሯል፣ ግን ዓይኑ ክፍት ነው።

«አድማሱ፣ በዮሐንስ ቀን ምን ትሸከማለህ?»

ደምሴ አቁማዳውን አየው፣ አድማሱ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ እንዴት እንዳቀፈው አየ፣ ጭቃ የገባውን ጥፍሩንም አየ። ከውስጥ እመት ፈንታነሽ እያነከሱ መጡ።

«ሹምባሽ፣ የበጉ ቅንጥብ ደርሷል፣ ይግቡ» አሉት።

ደምሴ ወደ አድማሱ ዞረ። «ይዝነብብሃል፣ ቶሎ ሂድ» አለው። ሰማዩ ላይ ደመና አልነበረም።

ቄስ ሙላቴ መጀመሪያ እንቢ አሉ። «በዘመን መለወጫ ቀን እንዴት ፍትሐት አደርጋለሁ?» አሉ።

እንግዶቻቸውን እንቅልፍ ላይ ጥለው የደረሱት እመት ፈንታነሽ፣ «ዛሬ ጳጉሜ ነው፣ አባ» አሏቸው፤ ከነቁጥሩም ነገሯቸው። ቄስ ሙላቴ በጣታቸው ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። ከዚያ አጎንብሰው መስቀላቸውን አወጡ።

ጉድጓዱ ከአባቱ መቃብር አጠገብ ተቆፈረ። የነበሩት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ቄሱ፣ አድማሱ፣ ዘነበችና እመት ፈንታነሽ።

«የክርስትና ስሙን» አሉ ቄስ ሙላቴ።

«ወልደ ሚካኤል» አለ አድማሱ።

ቄሱ ሊጀምሩ ሲሉ እመት ፈንታነሽ እጃቸውን ያዟቸው።

«አባ፣ ከሱ ጋር ገብረ መድኅንንም ይጥሩልኝ።»

«ገብረ መድኅን ማነው?»

«ማሩ ነው። የኔ ማሩ።» ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። «ይህ ዓመት ሲገባ በምሰሶዬ ላይ እኔም ተናግሬ ነበር። ይመጣል ማለቱ ይበቃሻል፣ ዘንድሮ እርምሽን አውጭ ብዬ። ማንም አልሰማኝ፣ ማንም አልጠየቀኝ። እኔም ዓመቱን ሙሉ ፈራሁ፣ አድማሱ። የምቀብረውም የለኝ። ወንድምህን ለአንድ ጸሎት ያህል አጋራኝ።»

አድማሱ ወደ ጉድጓዱ ወረደና ነጩን ኩታ በቀስታ ወደ አንድ ወገን አስጠጋው። ከጎኑ የአንድ ሰው ቦታ ተወ። ከዚያ ጋቢውን አወለቀና ባዶው ቦታ ላይ አነጠፈው።

«ሁለቱንም ይጥሩ፣ አባ» አለ።

በማግስቱ ከደብረ ታቦር የመጣ ነጋዴ፣ «እንኳን አደረሳችሁ፣ ዛሬ ዮሐንስ ነው» ሲል፣ ወይራ አምባ በቄስ ሙላቴ ሳቀች። ትራፊው እየተበላ ሁለተኛ በዓል ሊከበር ሲል ግን ወሬ መጣ። እመት ፈንታነሽ የማሩን እርም እያወጡ ነው ተባለ። በሰሜን ጦር ሜዳ ለሞተ ሰው ማልቀስ አልተከለከለም። ሰዉ እየተነሣ ሄደ። ጌጡ መጣ፣ የደሳለኝ ሚስት ከነእናቷ መጣች። ሲያዩአቸው አጥር ይዘሉ የነበሩት ሁሉ ሳይጠሩ መጡ፤ እሳቸውም ማንንም ምንም አልጠየቁም።

ሹምባሽ ደምሴም መጣ። ትናንት በጉን በልቶ ዛሬ ለቅሶ መቅረት ነውር ነው። «እግዜር ያጥናዎ» ብሎ ተቀመጠና አድማሱን አየው። አድማሱ ከሰው ሁሉ ይልቅ ያለቅስ ነበር፤ ደረቱን ይመታል፣ ድምፁ ተዘግቶ እንደገና ይወጣል።

«ማሩ ባልንጀራው ነበር እንዴ?» አለ ደምሴ።

«እንደ ወንድሙ ነበር» አሉ እመት ፈንታነሽ።

ደምሴ ራሱን ነቀነቀና ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ።

አድማሱ ዓመት ሙሉ ፊታቸውን ሲሸሽ የኖረባቸውን ሴትዮ እጅ ይዞ ተቀምጧል። እሳቸውም አለቀቁትም። ያን ቀን እስኪመሽ ድረስ፣ ሹምባሹ እየሰማ፣ አገር እየሰማ፣ አንድ ስም ብቻ እየተቀባበሉ ጮክ ብለው አለቀሱ። የልጃቸውን ስም እየጠራ ወንድሙን አለቀሰ።